ስለ 11ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. «የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ ገባ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው የዚያ ጦር እግረኛ ማን እንደ ነበረ ነው።

ስሙ 11ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ነው፤ የተደራጀው በኬንያ፥ አዛዡም ሜጀር ጄኔራል ዌዘራል ነበሩ። ክፍለ ጦር በብርጌድ ይከፈላል፤ ብርጌድም እንደ ደንቡ ሦስት የእግረኛ ሻለቆች አሉት፤ መድፈኛው፥ መሐንዲሱና ሐኪሙ ከዚህ በላይ ነው። የ23ኛው ብርጌድ ሦስቱም ሻለቆች ናይጄሪያውያን ነበሩ። የ22ኛው ደግሞ ከኬንያ፥ ከታንጋኒካና ዛሬ ማላዊ ከምትባለው ከኒያሳላንድ የተመለመሉ ናቸው። ነጮቹ የ1ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ወታደሮች በመንገድ ላይ ተጨመሩ። ብርጌድ እንደ ዘመቻው ይመጣል፥ ይሄዳል፤ የማይለወጠው የክፍለ ጦሩ ስም ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሞቃዲሾ የካቲት 18 ቀን ከተያዘች በኋላ ናይጄሪያውያኑ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በካሚዮን ተጉዘው መጋቢት 8 ቀን ጅጅጋ ደረሱ። የማርዳን በር ግን በካሚዮን የሚታለፍ አልነበረም። መጋቢት 12 ቀን ኮረብታውን በእግራቸው እየወጡ ተዋጉ፤ ጠላትም በሌሊት ለቆ ሄደ። ሐረርን መጋቢት 17 ቀን ያዙ። ከዚያ ወዲያ 22ኛው ብርጌድ ቀድሞ አዋሽን ተሻገረ። አርበኞቻችን በጎጃምና በሸዋ የኢጣሊያንን ጦር ወጥረው ባይዙት ኖሮ ይህ ፍጥነት ይገኝ ነበር ብለን አናምንም።

ነገር ግን በእነዚያ ሻለቆች ሁሉ መኮንን የሆነ ጥቁር አፍሪካዊ አንድም አልነበረም። በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ይህን ማዕረግ መጀመሪያ ያገኘው የጎልድ ኮስቱ ሴዝ አንቶኒ ሲሆን፥ ያገኘውም በ1942 እ.አ.አ. ነው። እኛን ነጻ ለማውጣት የዘመተው ወታደር ራሱ የቅኝ ግዛት ሰው ነበር፤ ናይጄሪያ ነጻነቷን ያገኘችው ከዚያ 19 ዓመት ተኩል ቆይታ፥ በ1953 ዓ.ም. ነው።

ክፍለ ጦሩ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተበተነ። ቁጥሩን በኋላ የወረሰው 11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር በርማ ዘምቶ በ1937 ዓ.ም. የቺንድዊንን ወንዝ ተሻገረ፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

ከመካከላችሁ ጅጅጋ ወይም ሐረር ያደጋችሁ፥ ስለነዚህ ሰዎች ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ፥ አሁን ጥያቄ ከመጀመራችን በፊት ብትነግሩን ደስ ይለናል።