ታንጎና የአዳራሹ ስፋት
(በዳንስ ክበባችን ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ፣ «ከታንጎ ስልቶች የሚበልጠው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም፣ «የምትደንስበት ወለል ስንት እርምጃ ነው?» ብዬ መለስሁለት። የቀለድሁበት መሰለውና ሳቀ፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ታንጎ በላፕላታ ወንዝ ዳርና ዳር፣ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዎ የተወለደ ዳንስ ነው። ስልቱ እንዲለያይ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የቦነስ አይረስ መሐል ከተማ አዳራሾች በሰው ይጨናነቁ ስለ ነበር፣ ዳንሰኞቹ ደረት ለደረት ገጥመው፣ እርምጃቸውን አሳጥረው፣ ከቆሙበት ብዙ ሳይርቁ ከሙዚቃው ምት ጋር ይጫወቱ ነበር። ይህ ዛሬ የሚሎንጌሮ ስልት ይባላል፤ ስሙ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ በ1990ዎቹ ነው። እንደ ቪላ ኡርኪሳ ባሉት ከመሐል ከተማ ራቅ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ እርምጃው ረዘም ያለ፣ ሴቲቱም እንድትዞር እቅፉ አንዳንዴ ላላ የሚል የሳሎን ታንጎ ዳበረ።

የመድረኩ ታንጎ ሌላ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከታየው «ታንጎ አርሄንቲኖ» ከተባለው ትርዒት ወዲህ ብዙ የውጭ አገር ሰው ታንጎን የሚያስበው በዚያ መልክ ነው፤ እግር ይወረወራል፣ በባልደረባ እግር መካከል ገብቶ ይጠለፋል። ያምራል። ነገር ግን በመድረክ ላይ ወለሉ ለትርዒቱ የተለቀቀ ነው።

እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የተጣበበ አዳራሽ ውስጥ ቦሌዮ የሚሉትን፣ እግርን ወደ ኋላ እንደ ጅራፍ የሚያስወነጭፈውን ስልት ባልደረባዬን አስደነስኋት። ተረከዟ የሌላይቱን ሴት ቅልጥም መታ። የመራሁ እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነበር። የተመታችው ልጅ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች፤ ምሽቱን ሙሉ አልተነሣችም። «ስልቴ ይህ ነው» ልላት አስቤ አፌ እምቢ አለኝ።

ታዲያ የራስ ምርጫ የለም ወይ? አለ እንጂ! የዳሪየንሶ ኦርኬስትራ ፈጣን ምት አጭር እርምጃ ይወዳል፤ የዲ ሳርሊ ለስላሳ ቫዮሊን ግን ሰውን ረጅም እርምጃ ያስመኘዋል። ከሁለቱ የምትወዱትን እናንተ ታውቃላችሁ። እቅፉንም በሚመለከት፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ደረት ለደረት መግጠም የማትፈልግ እኅታችን ብትኖር መብቷ ነው፤ ርቀቱን እርስዋ ትወስን፤ «ታንጎ አልገባሽም» የሚላት ቢኖር ያልገባው እርሱ ነው።

ዳንሰኞች በወለሉ ዙሪያ የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒ ይጓዛሉ። ከፊታችሁ ቦታ ሲከፈት እርምጃችሁን አርዝሙ፤ ሲዘጋ ባላችሁበት ዙሩ፤ ከፊት ያለውን አትለፉ።

የመጪው ቅዳሜ የምግብ አዳራሻችን፣ ጠረጴዛው ሁሉ ከወጣ፣ 8 እርምጃ በ15 ነው፤ ለክቻለሁ። የተመዘገቡት ጥንዶች 30 ናቸው። ስለዚህ ወንዶች፣ ቦሌዮውን እቤት ትታችሁ ኑ። ጠረጴዛ የሚያነሡ 6 ሰዎችም ስለሚያስፈልጉ ፈቃደኞች በ11 ሰዓት በር ላይ እንገናኝ።