ጡንቻን በኤሌክትሪክ ስለ ማሳደግ
(በኮኪት ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ)



በዚህ በመተማ ቆላ ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ጊዜ እባብ የሚነድፈው ሠራተኛ ብዙ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ከሞት ከተረፈውም መካከል መርዙ ሥጋውን አበላሽቶት እግሩ ሰልሎ የሚቀር አለ። ስለዚህ የጠፋ ጡንቻ እንደገና ይበቅል እንደ ሆነ መጠየቅ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም።

ጡንቻ የሚታዘዘው ነርቭ በሚያመጣለት በጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። የኢጣልያው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲኮማተር አይቶ በ1791 ዓ.ም. ጽፎታል (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የዛሬ ሊቃውንት ከጡንቻ ውስጥ ለጥገና የተቀመጡትን ሕዋሳት አውጥተው ምግብ ባለበት ፈሳሽ ያኖሯቸዋል። ሕዋሳቱም ከተባዙ በኋላ ተዋሕደው ረጅም ክር ይሆናሉ፤ ባዘቶ ተፈትሎ ፈትል እንደሚሆን ማለት ነው። ነገር ግን ክሩ የተመሰቃቀለ እንደ ሆነ ጉልበት የለውም፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ምዕራብ ቢስብ ምን ይረባል? ስለዚህ በአንድ ወገን እንዲያድግ በሁለት ችካል መካከል ይወጥሩታል፥ ነርቭንም እንዲተካ በየጊዜው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልኩበታል። ሳይጠመድ የከረመ በሬ እንደሚሰንፍ ሁሉ ያልተኮማተረ ጡንቻም አይጠነክርም።

በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገ ሥራ ይህን ያስረዳል። ገና ከተወለደ አይጥ የተወሰዱ የልብ ሕዋሳት በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ቢነኩ፥ በ8 ቀን ውስጥ በአንድ ወገን ተሰለፉ፥ የመኮማተራቸውም መጠን በ7 እጥፍ ጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያደገ የሰው ጡንቻ ለኤሌክትሪክ ሲታዘዝ ታየ።

ወላጅ መጥቶ ቢጠይቃችሁ ግን፥ ለልጁ እግር የሚሆን ሙሉ ጡንቻ ገና ከላቦራቶሪ አይገኝም በሉት። ሥጋው ሲወፍር የደም ሥር ከሌለው ውስጡ ይሞታልና።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1986 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ለእባብ መርዝ ፈውስ ነው የሚል ጽሑፍ ከኤኳዶር ወጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን በእንስሳት ተመርምሮ ከንቱ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ማንም ሰው የባትሪ ሽቦ በተነደፈ ሰው ላይ አያድርግ። እግሩ በምላጭ ሳይበጣ፥ በገመድም ሳይታነቅ፥ ሳይንቀሳቀስ ተይዞ ሕመምተኛው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የወረደው ሰው በዚህ ዘመድ የለውምና ከእናንተ አንዱ አብሮት ይሂድ።