ስለ አራጣ ዕዳና ከእርሱ ስለ መውጫው መንገድ የተነገረ ቃል



በአሜሪካ አገር የደመወዝ ቀን ብድር የሚባል ነገር አለ። አበዳሪው ጥቂት ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰጣል፤ ተበዳሪውም ደመወዙ በሚገባበት ቀን ዋናው ከነወለዱ ከባንክ ሒሳቡ እንዲወሰድ ፈርሞ ይፈቅዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በ100 ዶላር 15 ዶላር ነው። ለሰሚው ጥቂት ይመስላል፤ በዓመት ሲታሰብ ግን ከመቶ 390 ያህል ይሆናል። ነህምያ በኢየሩሳሌም መኳንንቱን በአደባባይ ገሥጾ እንዲመልሱ ያዘዛቸው ወለድ ከመቶ አንድ እጅ ነበር።

የዚህ ዕዳ ክፋቱ ግን ከመብዛቱ ይልቅ አለማለቁ ነው። 300 ዶላር የተበደረ ሰው በቀጠሮው 345 መክፈል ይገባዋል። ይህን ቢከፍል የቤት ኪራዩና የልጆቹ ቀለብ ይጎድላል፤ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክ ኢትዮጵያዊ ከሆነም የእነርሱ ተስፋ ይቋረጣል። ስለዚህ ሕጉ በሚፈቅድበት ክፍለ አገር 45ቱን ብቻ ሰጥቶ ቀኑን ያራዝማል። እንዲህ ስምንት ጊዜ ቢያደርግ 360 ዶላር ከፍሎ ዋናው 300 እንዳለ ይቆየዋል። የዚያው አገር የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ100 ብድር ከ80 የሚበልጠው በ14 ቀን ውስጥ የታደሰ ወይም ሌላ ብድር የተከተለው ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ተበዳሪውን ሁሉ አባካኝ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

መውጫው መንገድ ግን አለ። አንደኛ፤ በብድር ላይ ብድር መጨመርን መተው ነው። ሁለተኛ፤ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ዕዳውን ከፋፍሎ ለመክፈል አበዳሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው፤ በብዙ ክፍለ አገሮች ሕጉ ይህን ያለ ተጨማሪ ወለድ ይፈቅዳል። ሦስተኛ፤ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር መሄድ ነው። በማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ከቆሙት ማኅበራት አንዳንዶቹ ለዚሁ ችግር በሚሰጡት ብድር ላይ ወለዱ በዓመት ከመቶ 28 እንዳያልፍ ተወስኗል። በዚህ ሒሳብ 300 ዶላር በስድስት ወር ሲከፈል ወለዱ 25 ዶላር ገደማ ነው፤ የማመልከቻው ዋጋም ከ20 ዶላር አይበልጥም።

አራተኛው መንገድ በእኛ ዘንድ ከጥንት የታወቀው እቁብ ነው። እቁብተኞቹ ፈቅደው ዕጣውን ለባለ ዕዳው ቢያስቀድሙለት፣ ያለ አንዳች ወለድ ዋናውን በአንድ ጊዜ ይነቅላል። ነገር ግን ባለ ዕዳው ችግሩን ካልተናገረ ማንም አያስቀድምለትም። ብዙውን ሰው አስሮ የሚያስቀምጠው ኀፍረት ነው፤ አራጣ አበዳሪም ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀመው በዝምታ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ወገን ምሥጢር ጠባቂ ይሁን፤ የተቸገረውም ለመናገር አይፈር።

ዕዳው ካለቀ በኋላም ያችን 45 ዶላር በየደመወዙ ለራሱ ያስቀምጥ። በሰባት ደመወዝ 315 ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ችግር ቢመጣበት የሚበደረው ከገዛ ራሱ ይሆናል።