የማቆያ ቤት ቀለብና የወረዳው በጀት

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በጤና ጣቢያ ግቢ የምትቀመጥ ነፍሰ ጡር ስለምትበላው ቀለብ ነው።

የእናቶች ማቆያ ቤት አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ አገር ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ጀምሮታል። ቤቷ የራቀ ወይም ቀድሞ ምጥ የጠናባት እናት ወሯ ሲገባ መጥታ በዚያ ትሰነብታለች፤ ምጡ በመጣ ጊዜ አዋላጅዋ ከደጃፏ ናት። የጀጁን ወረዳ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ብዙ ማስረጃ አያሻውም። አርቦዬ ከተማ ያለ ሐኪም ቤት፥ ቁልቁል በቆላው ቀበሌ ላለችው ሴት በበጋ ሩቅ ነው፤ በክረምት ግን ወንዝ ሲሞላና መንገዱ ጭቃ ሲሆን በቃሬዛ ተሸክሞ ማድረስም ያዳግታል። አሰላ ድረስ መሄድ ያለባትማ ነገሯ ሌላ ነው።

አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚለው፥ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕክምና ቦታ ይወለዱ የነበሩት ሕፃናት ከ100 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 48 ደርሰዋል። ከ100,000 ወሊድ የሚሞቱት እናቶችም በ2000 871 የነበሩት በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። ይህ የተገኘው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው በተመደቡት ደመወዝተኞች ሴቶች ብቻ አይደለም። ያለ ምንም ክፍያ ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን የሚመክሩና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሸኙ የገጠር እናቶችም ድካም አለበት።

እንግዲህ ወደ ቀለቡ ልመለስ። የአዋላጅዋን ደመወዝ መንግሥት ይከፍላል፤ ማዋለዱም ያለ ዋጋ ነው። በማቆያው ቤት ለሚበላው ዱቄት፥ ለሚነደው እንጨትና ለሚፈላው ቡና ግን በብዙ ቦታ የሚታመነው የሕዝቡ መዋጮ ነው። ሕዝቡም ቸር ነው። በአርሲ ኦሮሞ ባህል የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች፤ ቀነፋ ባሰረች ሴት ላይ እጅ ማንሳት ትልቅ ነውር ነው። ለአራስ ገንፎ ይዞ መሄድን እናቶቻችንን ያስተማራቸው መሥሪያ ቤት የለም።

ሆኖም መዋጮ የራሱ ወቅት አለው። አዝመራ በተሰበሰበ ጊዜ፥ በታኅሣሥና በጥር፥ ጎተራው ሙሉ ነው፤ ሰጪውም ብዙ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ያው ገበሬ ለልጆቹም ይቸገራል። መንገዱ የሚቆረጠውና ማቆያው ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው! እናቲቱ መጥታ የምትበላው ብታጣ፥ የቤቷንም ነገር እያሰበች፥ ተነሥታ ትሄዳለች። በዚህ ማንም ሊፈርድባት አይችልም።

ወጪው ወረዳን የሚያስጨንቅ እንዳይመስላችሁ በቀላል ሂሳብ እንየው። 6 አልጋ ያለው ቤት ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ፥ እያንዳንዷም እናት አንዲት አስታማሚ ቢኖራት፥ በቀን 12 ሰው ይመገባል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንቆርጥ፥ በዓመት 22 ኩንታል ያህል ይሆናል። ጥሩ የአርሲ ማሳ ከአንድ ሄክታር ከዚህ የበለጠ ስንዴ ይሰጣል። ለአራቱ የችግር ወራት ብቻ ቢሆን ደግሞ 7 ኩንታል ተኩል ይበቃል።

ታዲያ ለምን በበጀት አይያዝም? ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች ገንዘባቸውን በጥቅል ድጎማ ተቀብለው ራሳቸው ይደለድላሉ። ጥቅል ገንዘብ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን አብዛኛው ለደመወዝ ከወጣ በኋላ በቀረው ላይ ጩኸቱ የበረታ ክፍል ይሻማበታል። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሥራ ደግሞ የሚጮኽለት የለውም፤ «ሕዝቡ ይሠራዋል» ተብሎ ይታለፋል።

እንግሊዞች ይህንኑ ችግር አይተውታል። በዚያ አገር የእናቶችንና የሕፃናትን ክብካቤ በብዙ ቦታ የጀመሩት የበጎ ፈቃድ ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው ሕግ ለአካባቢ ምክር ቤቶች በዚህ ሥራ ሰፊ ሥልጣን ሰጠ፤ መንግሥትም ለይቶ ይረዳ ነበር። በ1929 ይህ የተለየ እርዳታ ቀርቶ በጥቅል ድጎማ ሲተካ፥ ማኅበራቱ እንዳይረሱ ሕጉ ራሱ ምክር ቤቶቹ በየዓመቱ ለእነርሱ እንዲያዋጡ አስገደደ። ለምክር ቤቶቹ ቸርነት ብቻ አልተዋቸውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «መንግሥት ከሰጠ ሕዝቡ መስጠቱን ይተዋል» ይሉኛል። እኔ አይመስለኝም። ሰው የሚሰለቸው ሁልጊዜ እርሱ ብቻ ሲጠየቅ ነው። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ቀበሌ ስም ጠርቶ የሚሰበስበው መዋጮ ምን ያህል በጎ ፈቃድ ነው? ያለ ደመወዝ የምትዞረዋ ሴትስ የራሷን ጓዳ ትታ አይደለምን? ቢያንስ የትራንስፖርቷ ወጪ ሊተካላት ይገባል።

የምጠይቀው አንድ መስመር ነው። በወረዳው ዓመታዊ በጀት «ለማቆያ ቤት ቀለብ» የሚል መደብ ተጽፎ ይግባ፤ እህሉ ርካሽ በሆነበት በጥር ተገዝቶ ለክረምት ይቀመጥ፤ ሂሳቡንም የጤና ጣቢያው ሰው ብቻ ሳይሆን ከእነዚያው ሴቶች የተመረጡ ሁለት ይቆጣጠሩት። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ድልድሉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘጋጃል። ስለዚህ ከአርቦዬም ሆነ ከሌላ ወረዳ የመጣን ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት እስክንገባ ሳንጠብቅ፥ ለየወረዳችን ምክር ቤት በግንቦት ብንጽፍ ይሻላል። የደብዳቤውን ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፤ ለመፈረም የሚወድ ከስብሰባው በኋላ ሊያገኘኝ ይችላል።