ፋርማሲስቱ ፀጉር ቤት ገባ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ፋርማሲስት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» የሚለን ባለ ነጭ ጋዋን ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግን ፋርማሲስቶች ባንኮኒውን ትተው ፀጉር ቤት ገቡ።

የልብ ሐኪሙ ዶክተር ሮናልድ ቪክተርና ባልደረቦቻቸው የደም ግፊታቸው ያሻቀበ 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን በ52 ፀጉር ቤቶች አገኙ። በከፊሎቹ ፀጉር ቤቶች አስተካካዮቹ ደንበኞቻቸውን «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ብለው መከሩ። በቀሩት ፋርማሲስቱ ራሱ እዚያው እየመጣ ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ያዛል፣ መጠኑን ያስተካክላል፤ ያደረገውንም ለታካሚው ሐኪም ጽፎ ይልካል። በዘፈቀደ አይደለም ታዲያ፤ ከሐኪሞቹ ጋር የገባው የትብብር ስምምነት አለው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመው ውጤት አስገራሚ ነው። ከ6 ወር በኋላ የላይኛው የግፊት ቁጥር ምክር ብቻ ባገኙት ላይ በአማካይ 9 ነጥብ ያህል ሲቀንስ፣ ፋርማሲስት በተከታተላቸው ላይ 27 ነጥብ ወረደ።

በእኔ ግምት ለውጡን ያመጣው ክኒኑ ብቻ ሳይሆን ክትትሉ ነው። «ክፍያ በሕክምናው ብዛት ሳይሆን በውጤቱ ይሁን» የሚሉ ወገኖችም የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ውጤት የሚያመጣ ክትትልን ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ክትትል እንቅፋት ግን ገንዘቡ ላይ ነው። የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር ለሐኪም ምርመራ እንደሚከፍለው ለፋርማሲስት ክትትል በቀጥታ አይከፍልም፤ ሕጉ ፋርማሲስቶችን ከአገልግሎት ሰጪዎች ተርታ አላስገባቸውም። ፋርማሲው ገቢውን በአብዛኛው የሚያገኘው ዛሬም ከሚሸጠው መድኃኒት ነው፤ የደንበኛው ግፊት ወረደም አልወረደም።