ተማሪዎቹ ያጨበጨቡበት ገጽ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ እንግሊዛዊ መምህርና ስለ ቻይናውያን ተማሪዎቹ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ።

መምህሩ አይቮር አርምስትሮንግ ሪቻርድስ ይባላል። በኬምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ሲያስተምር የባለቅኔዎቹን ስም እየደበቀ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ ያድል፥ የተሰማቸውንም ጽፈው እንዲመልሱለት ያደርግ ነበር። የተማረ ሰው እንኳ ሲያነብ ምን ያህል እንደሚሳሳት ከዚህ ተረድቶ በ1929 መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ የአንባቢን ስሕተት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ቢል የማይነቀፍ ሰው ነበረ። በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ሄዶ በቤይጂንግ ከተማ፥ በቺንግኋ ዩኒቨርስቲ፥ እስከ 1930 ድረስ አስተማረ።

ካነበበላቸው መጻሕፍት አንዱ ቶማስ ሃርዲ ደርሶት በ1891 የታተመው የቴስ ታሪክ ነው። ቴስ የድኻ ባላገር ልጅ ናት። አባቷ መጠጥ ወዳድ ሲሆን፥ ዘሩ ከጥንት መኳንንት እንደ ሆነ አንድ ቄስ ቢነግረው ኩራት ያዘው። ልጅቱም ዘመድ ናቸው ወደ ተባሉት ባለጸጎች ተላከች፤ በዚያም የቤቱ ጐልማሳ ክብሯን ደፈረ። ከዚያ ወዲህ መከራ አልተለያትም፤ በመጨረሻ ያንኑ ሰው ገድላ በስቅላት ተቀጣች። ደራሲው ስቅላቱን አያሳየንም፤ በወኅኒ ቤቱ ላይ ጥቁር ሰንደቅ ሲወጣ ብቻ እናያለን። እንግሊዛዊ አንባቢ እዚህ ሲደርስ እንባው ይቀርባል።

ሪቻርድስ ይህን ገጽ ሲያነብላቸው ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

ነገሩ እንቆቅልሽ ነበረ፤ ምክንያቱ ግን ኋላ ተገለጠ። ቴስ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ለአባቷ የሚገባውን አክብሮት አላሳየችም ብለው ፈርደውባት ኖሯል። ስለዚህም ቅጣቷን መቼ ታገኝ ይሆን እያሉ ምዕራፍ ከምዕራፍ ሲጠብቁ ቆዩ፤ ደራሲው በመጨረሻ ፍርዱን ሲሰጥ ደስ አላቸው።

ይህን የሚሰማ ሰው በተማሪዎቹ መሣቁ አይቀርም። እኔ ግን መሣቁን ትቼ አደነቅኋቸው። እነዚህ ወጣቶች በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ረጅም መጽሐፍ ሲከታተሉ፥ መምህሩ እንደ ቀላል ያለፈውን ነገር እስከ መጨረሻው ገጽ ይዘውት ደረሱ። አባቱን ያላከበረ ልጅ ምን እንደሚደርስበት በእሳት ዳር ሲነገረን ያደግን እኛም፥ ጭብጨባው ከወዴት እንደ መጣ አይጠፋንም። ይሁን እንጂ ለቴስ አዝናለሁ፤ በዚያ ሰካራም ምክንያት መሰቀል ግን በዛባት።

ሪቻርድስ ቀጥሎ ራሱ ተማሪ ሆነ። ጥንታዊውን ፈላስፋ ሜንሲየስን ከቻይናውያን ሊቃውንት ጋራ ቃል በቃል መርምሮ፥ አንዱ የቻይና ቃል በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ፍች ሊሰጠው እንደሚችል የሚያሳይ መጽሐፍ በ1932 አወጣ።

የሪቻርድስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዊልያም ኤምፕሰን ደግሞ በ1937 ለማስተማር ቻይና ሲደርስ ከጃፓን ጋራ ጦርነት ተነሥቶ፥ ዩኒቨርስቲው ወደ ደቡብ ተሰዶ አገኘው። ናንዩዌ በተባለው ቅዱስ ተራራ ላይ፥ መጻሕፍት በሌሉበት፥ የእንግሊዝኛ ግጥሞችን ከቃሉ እያስታወሰ በጽሕፈት መኪና ይጽፍላቸው ነበር። ንግግሩ ስለሚፈጥን መከታተል ቸገራቸው፤ እርሱም ጀርባውን ሰጥቷቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ጀመር። ዳዊትን በቃላቸው ያወጡ የእኛ የኔታዎች ቢያዩት እንደ ባልንጀራ በተቀበሉት።

በ1938 ጦርነቱ ሲቀርብ ትምህርት ቤቱ እንደ ገና ተነሣ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከቻንግሻ እስከ ኩንሚንግ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ አብዛኛውንም በእግራቸው። ከመካከላቸው ኋላ ስመ ጥር ባለቅኔ የሆነው ሙ ዳን ነበረበት። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዞ፥ በመንገድ ላይ አንዱን ገጽ በቃሉ ሲያጠና ቀድዶ እየጣለ፥ ኩንሚንግ ሲደርስ መጽሐፉ እንዳለቀ ይነገራል።