ሐኪም በሌለበት ሥፍራ ስለ ማሳከም
(በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)



በሽተኛው ወደ ሐኪም፣ ሐኪሙም ወደ በሽተኛው ሊደርሱ በማይችሉበት ሥፍራ የሐኪም ቃል ብቻውን ምን ያህል ይጠቅማል? ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በምዕራብ አውስትራልያ ጂሚ ዳርሲ የተባለ ከብት ጠባቂ ከፈረስ ወድቆ የሽንት ፊኛው ክፉኛ ተጎዳ። ሰዎችም ሐኪም ወደሌለባት ወደ ሆልስ ክሪክ መንደር አመጡት። የመንደሪቱ ፖስታ ቤት ሹም አቶ ተኬት ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በፐርዝ ከተማ ለሚኖሩት ለዶክተር ሆላንድ በቴሌግራፍ አስታወቁ። ሐኪሙ በዚያው ሽቦ ትእዛዝ እየሰጡ፣ ሹሙም እየተቀበሉ፣ ቀዶ ጥገናው በሰንጢ ተፈጸመ። ዶክተር ሆላንድ በመርከብና በአውቶሞቢል ብዙ ቀን ተጉዘው ሲደርሱ ግን በሽተኛው አንድ ቀን ቀድሞ ሞቶ ነበር። ለሞት ያበቃውም ቀዶ ጥገናው ሳይሆን የተደረበበት ወባና ሌላ ደዌ ነው።

ይህ ወሬ ልባቸውን ከነካው ሰዎች አንዱ ቄስ ጆን ፍሊን ነበሩ። እርሳቸውም በ1928 በክሎንከሪ ከተማ የበራሪ ሐኪሞችን አገልግሎት አስጀመሩ። ይሁን እንጂ የሚጠራው ከሌለ አውሮፕላን ምን ይረባል? ስለዚህ አልፍሬድ ትሬገር በ1929 እንደ ቢስክሌት በእግር እየተዘወረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ሠራ። ከ1942 ጀምሮም በየሩቅ ሥፍራው የመድኃኒት ሣጥን ተቀመጠ። በመድኃኒቱ ሁሉ ላይ ቁጥር ስለ ተጻፈበት፣ ሐኪሙ በሬዲዮ ቁጥሩንና መጠኑን ሲናገር፣ ስሙን ማንበብ የሚቸግረው ሰው እንኳ ለይቶ ያወጣዋል።

ዛሬማ የቁስል ፎቶግራፍ፣ የራጅ ምስልና የልብ ትርታ ንድፍ በደቂቃ ውስጥ አገር ያቋርጣሉ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም። በበሽተኛው አጠገብ የሠለጠነ እጅ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ምክር ሲያልቅበትም በሽተኛውን የሚያነሣ መጓጓዣ ያስፈልጋል። ዳርሲ የመጀመሪያውን አገኘ፤ የመጨረሻውን አጣ።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ አድማጮቻችን፤ አቶ ተኬት ሐኪም አልነበሩም፤ እንደ እናንተው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ነገር ግን የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት አስቀድመው ተምረው ስለ ነበር የሐኪሙ ቃል የሚያርፍበት እጅ አገኘ። እንግዲህ ለሩቅ ወረዳ ጤና ጣቢያ መሣሪያ እንዲገዛ ወረቀት ስታዘጋጁ፣ የሚሠራበት ሰው ሠልጥኖ እንደሆነ፣ መብራቱ የማይቋረጥ፣ የመድኃኒት ሣጥኑም ባዶ ያልሆነ መሆኑን በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ። ይህ ሳይጠየቅ የተገዛ መሣሪያ ከነማሸጊያው ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ በሽተኛውም እንደ ጥንቱ በቃሬዛ መንገድ ለመንገድ ይንገላታል።